ምዕራፍ ሰባት፦ ከክፍያ ቀን እስከ ልጅ ሳህን

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ስለ አዲስ አበባ ሕፃናት እርስ በርስ የሚጋጩ የሚመስሉ ሁለት ቁጥሮች አስፍሯል። ከአምስት ዓመት በታች ካሉት መካከል የቀነጨሩት፣ ማለትም ቁመታቸው ከዕድሜያቸው ወደ ኋላ የቀረው፣ 15 በመቶ ነበሩ። በአገር ደረጃ ቁጥሩ 38፣ በአማራ ክልል 46 በመቶ ስለነበር መዲናዋ በብዙ ትሻላለች። በዚያው ጥናት ግን ደማቸው ሲለካ 49 በመቶ የሚሆኑት የአዲስ አበባ ሕፃናት የደም ማነስ ተገኝቶባቸዋል። ከሁለት አንዱ ማለት ነው።

ደም ማነስ የሆድ ትልንና ተደጋጋሚ ሕመምን ጨምሮ ብዙ መንስኤ አለው። ከዋና ዋናዎቹ መንስኤዎች አንዱ ግን በየቀኑ አንድ ዓይነት ምግብ እየበሉ ማደግ ነው። ይኸው ጥናት በአገር ደረጃ ከ6 እስከ 23 ወር ያሉ ሕፃናትን ሲመለከት፣ ከሰባቱ የምግብ ምድቦች ቢያንስ አራቱን በቀን ያገኙት 14 በመቶ ብቻ ነበሩ። በከተማ በድህነት የሚኖር ቤተሰብ ሆድ ለመሙላት ይታገላል፤ በአብዛኛው ቀንም ይሳካለታል። እንጀራው፣ ዳቦው፣ ሻዩ ይገኛል። ልጁ ጠግቦ ያድራል፣ ደሙ ግን እየሳሳ ይሄዳል።

ይህ ምዕራፍ ለእንዲህ ዓይነቱ ቤተሰብ የሚሰጥ ድጋፍ እንዴት ወደ ጤና እንደሚለወጥ ያስረዳል። ማሳያችን ኮልፌ ቀራኒዮ ነው። ክፍለ ከተማው ከአጠና ተራ እስከ ዓለም ባንክ፣ ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና የተዘረጋና ብዙ ሰው የሚኖርበት ነው። የዘነበ ወርቁ አለርት ሆስፒታልም፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከመቶ በላይ ሰዎችን የቀጠፈበት ቆሼም እዚሁ ናቸው። የጉራጌና የስልጤ፣ የአማራ፣ የኦሮሞና የዶርዜ ቤተሰቦች በአንድ ግቢ ውሃ እየቀዱ ይኖራሉ፤ ስለዚህ የአንዱ ማዕድ ከሌላው ይለያል። ድጋፉ የሚያልፍበት መንገድ ግን ለሁሉም አንድ ነው። መጀመሪያ ክፍያ፣ ከዚያ ገበያ፣ ከዚያ ድስት፣ በመጨረሻ የልጁ ሳህን። በእያንዳንዱ ጣቢያ ላይ ጥቂት ይፈስሳል። ቤተሰቡን መርዳት ማለት የሚፈስበትን ቦታ አይቶ መድፈን ነው።

ክፍያው

የከተሞች የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮጀክት በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች በ2009 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ዕቅዱ 604 ሺህ ሰዎችን መድረስ ነበር። ገንዘቡ 300 ሚሊዮን ዶላር ከዓለም ባንክ፣ 150 ሚሊዮን ዶላር ከመንግሥት ነበር። መሥራት የሚችሉት መንገድ ይጠርጋሉ፣ ተፋሰስ ያለማሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ፣ የከተማ ግብርና ላይ ይሰማራሉ። አቅመ ደካሞች፣ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ደግሞ ሳይሠሩ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። በሰፈሩ «ሴፍቲኔት ነኝ» ማለት ማልዶ በመጥረጊያና በአካፋ መውጣት ማለት ነው።

ሒሳቡን እንየው። በመጀመሪያው ዙር የቀን ክፍያው 60 ብር ነበር። አንድ ሰው በወር 5 ቀን፣ ከአንድ ቤተሰብ ቢበዛ የአራት ሰው ድርሻ ታስቦ በወር 20 ቀን ይሠራል። ድምሩ 1,200 ብር ነው። ከዚህ 20 በመቶው ለቁጠባ በባንክ ስለሚቀር እጅ የሚገባው 960 ብር ይሆናል። ክፍያው በኋላ ከፍ ብሏል፤ የገበያው ዋጋ ግን ከዚያ በላይ ሮጧል።

ይህ ብር በአንድ ቀን ይገባል፣ ረኀብ ግን በየቀኑ ነው የሚመጣው። ብሩ እስኪገባ ድረስ ቤተሰቡ ከደንበኛ ሱቅ በዱቤ ሲበላ ይቆያል። ከሱቅ በዱቤ የሚወጣው ምንድን ነው? ዳቦ፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ መኮሮኒ፣ ትንሽ ዘይት። ባለሱቁ ጎመንና እንቁላል በዱቤ አይሰጥም፤ ጉሊት የምትቸረችረው ሴትም ዱቤ የምትሰጥበት አቅም የላትም። ስለዚህ የክፍያው ቀን ሲደርስ ገንዘቡ ገና ሳይመነዘር ባለፈው ወር ለተበላው ዳቦና ስኳር ተከፍሎ ያልቃል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ላለች እናት «አትክልት አብልጪ» ብሎ መምከር ትርፉ እሷን ማሳቀቅ ነው።

የሚረዳው ሌላ ነገር ነው። በክፍያው ቀን፣ ዱቤው ሙሉ በሙሉ ሳይከፈል በፊት፣ ለወሩ የሚቀመጠው ይገዛ፤ አተር ወይም ባቄላ ለሽሮ፣ ምስር፣ ገብስ ለበሶ። ባለሱቁን በሁለት ጊዜ ለመክፈል ማነጋገር ይቻላል። እቁብ ለምደን የለም? አምስትና ስድስት እናቶች ተሰብስበው ከጅምላው እህል ገበያ፣ ከእህል በረንዳ፣ አንድ ኩንታል አተር ቢያነሱ፣ ዋጋው በጣሳ እየለካ ከሚሸጠው ሱቅ በእጅጉ ይቀንስላቸዋል። ድሃ ሰው ውድ የሚገዛው በጥቂት በጥቂቱ ስለሚገዛ ነው።

ገበያው

የአዲስ አበባ አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛውሯል። ከዚያ እስከ ኮልፌ ጓዳ ድረስ አትክልቱ በጅምላ ነጋዴ፣ በጫኝ፣ በቸርቻሪና በጉሊት እጅ ያልፋል፤ በእያንዳንዱ እጅ ዋጋ ይጨምራል፣ ቅጠሉም ይጠወልጋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በየክፍለ ከተማው የተስፋፋው የእሁድ ገበያ የተወሰኑትን እጆች አሳጥሯል። አምራቹና የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ለሸማቹ በቀጥታ የሚሸጡበት ስለሆነ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ድንች፣ ጎመንና እንቁላል ከመደበኛው ዋጋ ቀንሶ ይገኝበታል። ለሴፍቲኔት ቤተሰብ የሳምንት አትክልት የሚገዛበት ቀን እሁድ ቢሆን መልካም ነው።

ምን ይገዛ? መልሱን በሦስት ጥያቄ ማጠር ይቻላል። ደም የሚሠራ፣ ዓይንና ቆዳ የሚጠብቅ፣ ሰውነት የሚገነባ ነገር አለ? ምስርና ሽሮ ሰውነት ይገነባሉ፤ በተለይ ከጤፍ ወይም ከስንዴ ጋር ሲበሉ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ዱባና ካሮት የቫይታሚን ኤ ምንጭ ናቸው። ዱባ በተለይ የድሃ ወዳጅ ነው፤ ሳይቆረጥ ለሳምንታት ይቀመጣል፣ ለጾምም ለፍስክም ይሠራል። ሎሚ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ደግሞ በጥቂቱ ቢሆንም የሌላውን ምግብ ጥቅም ያወጣሉ፤ እንዴት እንደሆነ በሚቀጥለው ንዑስ ክፍል እናያለን። እንቁላል ለቤተሰቡ ሁሉ ካልበቃ ለትንሹ ልጅ ይገዛ። በሳምንት ሦስት እንቁላል ለአንድ ሕፃን ትልቅ ነገር ነው፤ ለስድስት ሰው ቢከፋፈል ግን ለማንም ምንም አይሆንም።

ስለ ድጎማም እዚህ መናገር ግድ ነው። በሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ለዓመታት በተመጣጣኝ ዋጋ የቀረቡልን በዋናነት ስኳር፣ ዘይትና ዱቄት ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የተመረቀው፣ በቀን 2 ሚሊዮን ዳቦ የመጋገር አቅም ያለው የሸገር ዳቦ ፋብሪካም የዚሁ አስተሳሰብ ውጤት ነው። ዳቦ ርኀብን ያስታግሳል፤ ያ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ከኮልፌ ልጅ ሳህን የጎደለው ስኳርና ዳቦ ስላልሆነ ተመሳሳይ ድጎማ ለምስር፣ ለአተርና ለእንቁላል የሚደረግበት ቀን መምጣት አለበት።

ይህ ባዶ ምኞት እንዳልሆነ ሌላ ቦታ የተሠራው ያሳያል። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ በ2011 እና 2012 እ.ኤ.አ. የምግብ ድጋፍ ተጠቃሚዎች ለፍራፍሬና ለአትክልት ባወጡት በእያንዳንዱ ዶላር 30 ሳንቲም ተመላሽ ይደረግላቸው ነበር። ተመላሹን ያገኙት ሰዎች ካላገኙት በ26 በመቶ የበለጠ ፍራፍሬና አትክልት በልተዋል። በእኛም አገር የዓለም ምግብ ፕሮግራም በአማራ ክልል ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሚያጠቡ እናቶችና ከሁለት ዓመት በታች ልጅ ላላቸው ቤተሰቦች ትኩስ ምግብ ብቻ የሚገዛ ኩፖን በሞባይል ስልክ ሰጥቷል። መንገዱ ተሞክሯል፤ የቀረው ወደ መዲናዋ ሰፈሮች ማምጣት ነው።

ድስቱ

ጎመን የሚሠራበትን መንገድ ቀረብ ብለን እንመልከት። በብዙ ጓዳ ጎመኑ በቀጭኑ ይከተፋል፣ ተከትፎ ይታጠባል፣ በብዙ ውሃ ይቀቀላል፣ ውሃው ተጨምቆ ይደፋል፣ ከዚያ እንደገና ይበስላል። ቫይታሚን ሲና ፎሊክ አሲድ በውሃ ይሟሟሉ፤ ከተደፋው ውሃ ጋር ሄደዋል። ቅጠሉ ሳይከተፍ ታጥቦ፣ ሰፋ ሰፋ ተደርጎ ተቆርጦ፣ በራሱ እርጥበትና በጥቂት ውሃ ተከድኖ ቢበስል አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ከሰልም ይቆጥባል። አንድ ማንኪያ ዘይት ደግሞ የግድ ነው፤ በጎመን፣ በካሮትና በዱባ ያለውን የቫይታሚን ኤ ምንጭ ሰውነት የሚወስደው ከቅባት ጋር ሲገባ ነው።

ሁለተኛው የብረት ማዕድን ጉዳይ ነው። ጤፍም ምስርም ብረት አላቸው፤ ነገር ግን በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ብረቱን ይዞ ስለሚያስቀር ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። እናቶቻችን ሊጡን በእርሾ ማቡካታቸው ይህን ፋይቴት ይቀንሰዋል። በአግባቡ ቦክቶ የኮመጠጠ እንጀራ እንደ ነገሩ ከተጋገረው የሚሻለው በጣዕም ብቻ አይደለም። በዚያ ላይ ምስር ወጡ ከእሳት ሲወርድ ሎሚ ቢጨመቅበት፣ ወይም ሽሮው ከጥሬ ቲማቲምና ቃሪያ ጋር ቢበላ፣ ቫይታሚን ሲው ብረቱን ወደ ደም ያሻግረዋል። ሻይና ቡና በተቃራኒው ብረቱን ያግዱታል። በኮልፌ የልጅ ቁርስ ሻይ በዳቦ ነው። ሻይን ከማዕድ አንድና ሁለት ሰዓት ማራቅ፣ ለልጅ ደግሞ ጭራሽ መተው፣ ሳንቲም የማያስወጣ የደም ማነስ መከላከያ ነው።

በጉራጌና በስልጤ ቤት ቆጮ ዋና ምግብ ነው። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል፣ ፕሮቲኑ ግን በጣም አነስተኛ ነው። አያቶች ቆጮን ከጎመንና ከአይብ ጋር ያቀረቡት ያለ ምክንያት አልነበረም። ኑሮ ሲከብድ መጀመሪያ የሚቀረው አይቡ ነው፤ አይብ ከጠፋ ቦታውን ባቄላ ወይም ሽሮ ይተካው እንጂ ቆጮ ብቻውን ለልጅ አይቅረብ።

አዮዲን ያለው ጨው መግዛትንም ሕግ አግዞታል፤ የጨው አዮዲን ደንብ በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል። ጨዉ በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር። ክፍት ሆኖ ከእሳት ዳር ከተቀመጠ አዮዲኑ ይተናል።

ሳህኑ

ሕፃን እስከ ስድስት ወሩ የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ተጨማሪ ምግብ ይጀመርለታል፤ ጡት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። ብዙ ልጆች ከመስመር የሚወጡት እዚህ ላይ ነው። የሚሰጣቸው ቀጭን አጥሚት ወይም በወጥ መረቅ የራሰ እንጀራ ይሆናል። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው፤ በውሃ ከሞላ ለምግብ ቦታ አይተርፈውም። ገንፎው በማንኪያ ሲነሳ የማይንጠባጠብ፣ ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ የተደረገበት መሆን አለበት።

ዱቄቱን ለማዘጋጀት አሥራ ምናምን ዓይነት እህል መቀላቀል አያስፈልግም። ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ ይበቃል። ገብስ ወይም ስንዴ ከሽምብራ ወይም ከባቄላ ጋር ይለቀም፣ ለየብቻ ይቆላ፣ ወፍጮ ቤት ይሂድ። ለውዝ የሚጨምር ሰው የሻገተና የጠቆረ ፍሬ እንዳይገባ ይጠንቀቅ፤ ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ በእሳት አይጠፋም። ገንፎው ሲሠራ የተፈጨ ካሮት ወይም የተቀቀለ ዱባ፣ ሲገኝም እንቁላል ይጨመርበት። ከስድስት እስከ ስምንት ወር በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ 3 ወይም 4 ጊዜ ይመገብ። የራሱ ሳህን ይኑረው። ከታላላቆቹ ጋር ከአንድ ትሪ የሚጎርስ የአንድ ዓመት ልጅ ምን ያህል እንደበላ ማንም አያውቅም።

ስለ ጾምም በግልጽ መነጋገር አለብን። በኦርቶዶክስ ቤት የጾም ቀናት ከዓመቱ እኩሌታ ያልፋሉ። ሕፃን አይጾምም፤ እናቲቱ ግን የጾም ዕቃ እንዳይነካካባት ስትል ለልጁ ወተትም እንቁላልም ሳትሠራ ትቀራለች። ለዚህ መፍትሔው ለልጁ ብቻ የምትሆን አንዲት ትንሽ ድስትና ማንኪያ መለየት ነው። ነፍሰ ጡር ወይም አራስ የሆነች ሴት የንስሐ አባቷን ታማክር፤ ቤተ ክርስቲያን ለእንዲህ ያለችው እናት ትራራለች። በእስልምናም ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ለራሷ ወይም ለልጇ ከሰጋች የረመዳንን ጾም አፍጥራ በኋላ እንድታካክስ ተፈቅዶላታል።

ታላላቆቹ ልጆች ሌላ ዕድል አላቸው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በከተማ አስተዳደሩ በጀት ቁርስና ምሳ ይቀርባል፤ ምግቡን የሚያበስሉትም ሥራ ያልነበራቸው የየሰፈሩ እናቶች ናቸው። ምገባው ተማሪውን ክፍል ውስጥ ማቆየቱ ይታወቃል። ቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ግን ብዙ አይወራለትም። ሁለት ልጆች ቁርስና ምሳቸውን ትምህርት ቤት ሲበሉ፣ ከቤቱ ወጪ የሚተርፈው ለትምህርት ላልደረሰው ታናሽ ሊውል ይችላል። ያ ትርፍ ወዴት እንደሚሄድ ካልታሰበበት ወደ ዱቤው ተመልሶ ይገባል። ቢታሰብበት የታናሹ እንቁላል ከዚያ ይወጣል።

ማን ያስተምር?

እስካሁን ያልነው ሁሉ እውቀት ነው፤ እውቀት ደግሞ በወረቀት ብቻ ወደ ጓዳ አይገባም። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን አገር አቀፍ የአመጋገብ መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው መልካም ነው፤ ወደ ድስቱ የሚያደርሰው ሰው ግን ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ይህን ሥራ የሚሠሩት ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት የሚዞሩት የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ነርሶች ናቸው።

ጥሩ ባለሙያ እንዴት ታስተምራለች? አንዲት ሲስተር የአንዲት ሴፍቲኔት ሠራተኛ ቤት ገባች እንበል። «እትዬ፣ ዛሬ ምን ሠሩ?» ብላ ትጀምራለች። «ምን እሠራለሁ ሲስተር፣ ያው ሽሮ ነው» ይሏታል፣ በማፈር። «ሽሮማ ጥሩ ነው። ለትንሹ ስንት ማንኪያ ዘይት ጨመሩበት? ቲማቲም አለ?» ትላለች። በዚህ አነጋገር ሽሮው አይናቅም፤ ያለው ይመሰገናል፣ የጎደለው አንድ ነገር ይጠቆማል። በሚቀጥለው ሳምንት ስትመጣ ያንኑ አንድ ነገር ትጠይቃለች። አሥር ነገር በአንድ ቀን የመከረች ባለሙያ ሄዳ ስትመለስ አንዱም ተሠርቶ አታገኝም።

ይህ ዓይነቱ ክትትል ምን ያህል እንደሚያዋጣ በባንግላዴሽ በጥንቃቄ ተለክቷል። ከ2012 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በተካሄደ ጥናት ድሃ እናቶች በዕጣ ተከፋፍለው አንዳንዶቹ ገንዘብ ብቻ፣ አንዳንዶቹ እህል ብቻ፣ ሌሎቹ ደግሞ ገንዘብ ከአመጋገብ ትምህርት ጋር ተሰጣቸው። ትምህርቱ በየሳምንቱ የሚካሄድ ነበር፤ ቤት ለቤት ጉብኝት ነበረው፣ አማቶችንና የሰፈር ሽማግሌዎችንም ያሳተፈ ነበር። ገንዘብ ብቻ ወይም እህል ብቻ ባገኙት ቤቶች መቀንጨር አልቀነሰም። ገንዘብና ትምህርት አብረው በሄዱበት ቦታ በ7.3 የመቶኛ ነጥብ ቀነሰ። የአማቶቹ መኖር ለእኛም ትልቅ ትርጉም አለው። በኮልፌ ለሕፃኑ ምን ይሰጠው የሚለውን የምትወስነው ብዙ ጊዜ አያቱ ናት፤ እሷ ያላመነችበት ገንፎ አይሠራም። ስለዚህ ትምህርቱ እናቲቱን ከሥራ ከማስቀረት ይልቅ አያቶች ባሉበት፣ በእድር ስብሰባና በቡና ሰዓት ቢሰጥ ይበጃል። የሴፍቲኔት ሠራተኞች በቡድን ስለሚሰማሩ ሥራው ሲያበቃ ያለው ግማሽ ሰዓትም የተዘጋጀ ክፍል ነው።

ምን እንቁጠር?

ፕሮጀክቶች የሚቆጥሩት የተከፈለ ብርን፣ የተመዘገበ ተጠቃሚንና የተጠረገ መንገድን ነው። ይህ መቆጠሩ ተገቢ ነው፤ ያለ ክፍያ የሚጀመር ነገር የለምና። ግን በዚህ አቆጣጠር ብሩ በሙሉ ደርሶ፣ የልጁ ደም ግን እንደሳሳ ሊቀር ይችላል፤ ሪፖርቱም ስኬት ይላል። አንድ ጥያቄ ቢጨመርበት ሁሉም ነገር ይለወጣል፦ ትናንት በዚህ ቤት ከሁለት ዓመት በታች ያለው ልጅ ስንት ዓይነት ምግብ በላ? ጥያቄው ሚዛንም ቤተ ሙከራም አይፈልግም። ሲስተሯ በሁለት ደቂቃ ትጠይቀዋለች፣ እናቲቱም ራሷ ልትቆጥረው ትችላለች። እህል አንድ፣ ሽሮ ሁለት፣ ጎመን ሦስት፣ እንቁላል አራት። ከአራት በታች የሆነባቸው ቤቶች ከበዙበት ሰፈር የእሁድ ገበያው ይቅረብ፣ ኩፖኑ ይጀመር፣ ባለሙያዋ ደጋግማ ትሂድ። የወረዳው ኃላፊም በየሩብ ዓመቱ ስንት ብር እንደከፈለ ሲጠየቅ፣ ስንት ልጅ አራት ዓይነት እንደበላም አብሮ ይጠየቅ።